በብሪታንያ የፑንጃብ ሰርግ ለተጠራ ሐበሻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለንደን ሳውዝሆል ከፑንጃቦች (በሕንድና በፓኪስታን መካከል የተከፈለው የፑንጃብ አገር ሰዎች) ጋር በር ለበር ስኖር 14 ዓመት ሆነኝ፤ የሰርግ ጥሪ የደረሳቸው ወገኖች እየደወሉ የሚጠይቁኝን ከነመልሱ ይኸው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

«የሕንድ ሰርግ» የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው?

አይደለም። እኛ «ሕንዶች» ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ሰዎች ከሕንድም፣ ከፓኪስታንም፣ ከባንግላዴሽም፣ ከስሪላንካም የመጡ ናቸው፤ ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም ይለያያል። ሳውዝሆል በብዛት የሲክ ሃይማኖት ተከታይ የሆኑ ፑንጃቦች ሰፈር ነው፤ አባቶቻቸው ከ1950ዎቹ ጀምሮ መጥተው በጎማ ፋብሪካና በሂትሮው አየር ማረፊያ እየሠሩ ያቀኑት። ሌስተር ብትሄዱ ጉጅራቲዎች (ከምዕራብ ሕንዷ ጉጃራት የመነጩ) ይበዛሉ፤ ከእነሱ መካከል ብዙዎቹ ኢዲ አሚን በ1972 ከኡጋንዳ ያባረራቸው ቤተሰቦች ናቸው፤ ስዋሂሊ የሚናገሩ አዛውንት ብታገኙ አትገረሙ። ምሥራቅ ለንደን ደግሞ የባንግላዴሽ ሙስሊሞች አሉ፣ ብራድፎርድ የፓኪስታን።

ስለዚህ ጥሪ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ሥርዓቱ የሚፈጸመው የት ነው?» ብላችሁ ነው። ጉርድዋራ (የሲኮች ቤተ ጸሎት) ካሏችሁ ሲኮች ናቸው። እኔ ቀርቤ የማውቀው የእነሱን ስለሆነ እዚህም የምጽፈው በአብዛኛው ስለ እነሱ ነው፤ የሌሎቹን ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ቦታ ላይ አነሳዋለሁ።

ሰርጉ ስንት ቀን ይፈጃል? ሁሉም ላይ መገኘት አለብኝ?

ቤት ውስጥ ያለው ሽር ጉድ ሳምንት ይሞላል፤ እንግዳ የሚጠራበት ግን ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቀን ነው። የጥሪ ካርዱን ስትከፍቱ በውስጡ ትንንሽ ወረቀቶች ታገኛላችሁ፤ እያንዳንዷ የአንድ ዝግጅት ጥሪ ናት። «ማይያን» ሙሽሪት በዱቄትና በዘይት የተለወሰ እርድ የምትቀባበት ነው። «ሳንጊት» የዘፈን ምሽት ነው። «ጃጎ» ደግሞ ሴቶቹ መብራት የተደረደረበት የናስ ገንቦ በራሳቸው ተሸክመው፣ ከበሮ እያስመቱ ሰፈሩን በጭፈራ የሚቀሰቅሱበት ሌሊት ነው፤ ቃሉ ራሱ «ንቁ» ማለት ነው። ከዚያ ጠዋት የጉርድዋራው ሥርዓት ይከተላል፤ የአዳራሹ ግብዣ በዚያው ምሽት ወይም በሌላ ቀን ይሆናል።

ሐበሻው አብዛኛውን ጊዜ አዳራሹ ላይ ብቻ ብቅ ብሎ ይመለሳል፤ ይኼ ይቆጨኛል። አዳራሽ ውስጥ 300፣ 400 ሰው ነው፤ ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል፤ ከጎናችሁ የተቀመጠውን ስም እንኳ ሳትሰሙ ትወጣላችሁ። ሰርጉ ያለው ቤት ውስጥ ነው። የማይያን ወይም የጃጎ ወረቀት ካርዱ ውስጥ ካገኛችሁ እንደ ቤተሰብ ቆጥረዋችኋል ማለት ነውና አትቅሩ። መጀመሪያ ጃጎ ላይ የተገኘሁ ቀን ገንቦው በበሩ ሲወጣ ሳላስበው እልል አልኩ፤ ሴቶቹ ከበሮውን አስቁመው «እንደገና፣ እንደገና» አሉኝ። ፑንጃቦች እልልታ የላቸውም፤ ሂንዱ ቤንጋሎች ግን አላቸው፣ የእነሱ ሰርግ ላይ እልል ብትሉ የሚያጅባችሁ አታጡም።

ምን ልልበስ? የሐበሻ ቀሚስ ያስኬዳል?

ያስኬዳል፣ ደስም ይላቸዋል። አንድ ነገር ግን አስቡበት፦ በሰሜን ሕንድ ነጭ የሐዘን ልብስ ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት የምትለብሰው። ዛሬ ወጣቶቹ ብዙም አይጨነቁበትም፣ አያቶቹ ግን ያዩታል። ስለዚህ ጥበቡ ሰፊና ደማቅ የሆነውን ወይም ቀለም ያለውን ቀሚስ ምረጡ። ከላይ እስከ ታች ጥቁርም አይወደድም፤ ቀይ ደግሞ ለሙሽሪት ይተውላት። ነጠላችሁን ያዙ፤ ጉርድዋራ ውስጥ ራስ መሸፈን ግዴታ ነውና ከነጠላ የተሻለ ነገር የለም።

የእነሱን ልብስ መግዛት ከፈለጋችሁ ሳውዝሆል ብሮድዌይ ላይ ሱቁ ሞልቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመቸው ሳልዋር ካሚዝ (ሱሪ ከረጅም ቀሚስ ጋር) ነው፣ ከነሻርፑ፤ ሻርፑን ቹኒ ይሉታል። ካሚዝ የሚለው ቃል ከእኛ ቀሚስ ጋር ከአንድ የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ ባለሱቋ አንዲት አሮጊት ይህን ስነግራቸው ዋጋ ቀነሱልኝ። የማይያን ቀን ግን አዲስም፣ ነጭም፣ የምትሳሱለትም ልብስ አትልበሱ። የእርዱ ሊጥ ከሙሽሪት ፊት አልፎ በየሰዉ ጉንጭ ላይ ይለጠፋል። የእኔ ነጠላ ጥለቱ ላይ የአምስት ጣት ቢጫ አሻራ አለው፤ ስንቴ ባጥበው አልለቀቀም፣ አሁን ለእንደዚያ ቀን ብቻ ነው የማወጣው።

ፖስታ ውስጥ ስንት ይደረጋል?

ስጦታ በካርቶን ጠቅልሎ መሄድ የለም ባይባልም የተለመደው ገንዘብ ነው፤ «ሻገን» ይሉታል። ቁጥሩ በአንድ ይጨርሳል፦ 21፣ 31፣ 51፣ 101 ፓውንድ። ዜሮ ነገርን ይዘጋል፣ አንድ ግን አዲስ ይጀምራል ብለው ስለሚያምኑ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ፖስታዎች ፊታቸው ላይ ሳንቲም የተለጠፈባቸው ለዚያ ነው። የሥራ ባልደረባ 21 ወይም 51 ቢሰጥ ማንም አይነቅፈውም።

ስማችሁን ፖስታው ላይ ጻፉ። ቤት ገብቶ ማን ምን እንደሰጠ በደብተር ይመዘገባል፣ የእናንተ ተራ ሲደርስ እንዲመልሱ።

ሜህንዲ እና እንሶስላ አንድ ናቸው?

ተክሉ ይለያያል። የእኛ እንሶስላ ሥሩ ተቆፍሮ ነው የሚወጣው፤ ሜህንዲ ግን ሐረሮችና በባሕረ ሰላጤው የኖሩ እህቶቻችን የሚያውቁት ሂና ነው፣ ቅጠሉ ደርቆ ተፈጭቶ የሚቦካ። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ ሙሽራ እጇና እግሯ ሳይቀላ አትወጣም። ሊጡ በሾጣጣ ላስቲክ ተሞልቶ ጫፉ በመርፌ ቀዳዳ ያህል ይቆረጥና ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ድረስ ይሳላል። የሙሽሪት እጅ ብቻ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት ሰው ነው የሚያጎርሳት፣ ውኃ እንኳ ራሷ አትጠጣም። በጌጡ መካከል የሙሽራው ስም ይደበቃል፤ ፈልጎ የማግኘት ሥራ የእሱ ነው።

እንግዳም ትቀባላችሁ፣ አንዲት ትንሽ አበባ መዳፍ ላይ። ሲደርቅ በውኃ አትጠቡት፣ ፈቅፍቁት፤ መጀመሪያ ብርቱካናማ ይሆናል፣ በማግስቱ ይጠቁራል። ወዲያው ጥቁር የሚያወጣ «ጥቁር ሂና» የሚባል ነገር ካቀረቡላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የተባለ የፀጉር ቀለም ኬሚካል አለበት፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል። ለልጆቻችሁ ደግሞ ፈጽሞ።

ሙሽሪት ክንድ ላይ ያለው የቀይ አምባር ድርድር ምንድን ነው?

«ቹራ» ይባላል። የሚያመጡት የእናቷ ወንድሞች ናቸው፤ ፑንጃቦች ለእናት ወንድም «ማማ» የሚል የራሱ ስም አላቸው። ለአባት ታላቅ ወንድም «ታያ»፣ ለአባት ታናሽ ወንድም «ቻቻ» ይላሉ፤ እኛ ሁሉንም አጎት ብለን የምናልፋቸውን እነሱ በስምም በሥራም ለይተዋቸዋል። ቹራ የማማ ዕዳ ነው፣ ማማ የሌላት ሙሽራ በእሱ ቦታ የሚቆም ሰው ይፈለግላታል።

ይህን በቅርብ አይቼዋለሁ፣ ጎረቤቴ ሴት ልጇን ስትድር። የሰርጉ ዕለት ማለዳ ሳሎኑ መሐል ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ አስቀመጧት። አምባሮቹ ውኃ በተጨመረበት ወተት ውስጥ ተነክረው መጡ። እሷ ቀድማ ማየት ስለሌለባት እናቷ ከኋላ ሆና ዓይኗን በእጇ ያዘችላት። ማማዋ አምባሩን አንድ በአንድ እጇ ላይ ሲያሳልፍ ወተቱ በክርኗ በኩል እየተንጠባጠበ ምንጣፉን አራሰው፣ ማንም አልጠረገውም። ከዚያ እህቶቿና ጓደኞቿ «ካሊሬ» የሚባለውን ጃንጥላ መሳይ ወርቃማ ጌጥ ከአምባሮቹ ላይ አንጠለጠሉ። እሷም ባላገቡት ልጆች ራስ ላይ እጇን እያራገፈች ታልፋለች፤ ከጌጡ ቅንጣት የወደቀባት ተከታይዋ ሙሽራ ናት ይባላል።

ድሮ ቹራ ዓመት ሙሉ አይወልቅም ነበር። እዚህ አገር ብዙዎቹ 40 ቀን ይላሉ፤ ሆስፒታል የምትሠራ ግን 40ም አትሞላም፣ በሽተኛ የሚነካ ሠራተኛ ከክርኑ በታች ባዶ መሆን አለበት የሚል ደንብ አለና። የጎረቤቴ ልጅ ነርስ ነች፤ ዕረፍቷ ሲያልቅ አውልቃ በመጣበት ቀይ ጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችው።

ጉርድዋራ ስገባ ምን ላድርግ?

ጫማ አውልቁ፣ እጅ ታጠቡ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ፤ ወንዶችም ጭምር። ጨርቅ ያልያዘ ሰው በሩ ላይ ካለው ቅርጫት ብርቱካናማ ሻሽ ያነሳል። ሲጋራ በኪሳችሁ ይዛችሁ አትግቡ፣ ጠጥታችሁም አትግቡ። ውስጥ ሁሉም ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ብዙ ጊዜ ሴት በአንድ ወገን ወንድ በሌላው። እግራችሁን ወደ ፊት አትዘርጉ፣ አጣጥፉት።

ፊት ለፊት በጥላ ሥር፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ያለው ጉሩ ግራንት ሳሂብ ነው። 1,430 ገጽ ያለው መጽሐፍ ነው፤ ለሲኮች ግን መጽሐፍ ብቻ አይደለም፣ በሕይወት ያለ መምህራቸው ነው። ሌሊት ለብቻው ክፍል ያርፋል፣ ንጋት ላይ በክብር ይመጣል። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው በእጁ ጭራ ያወዛውዝለታል፣ የእኛ ሽማግሌዎች ከሚይዙት ጭራ የማይለይ። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ፎቶ ስትነሱ እንዳትገኙ።

ጋብቻው ጸና የሚባለው የቱ ላይ ነው?

የሲኮች ጋብቻ «አናንድ ካራጅ» ይባላል። የሲኮች አራተኛው ጉሩ (መንፈሳዊ መምህር)፣ ጉሩ ራም ዳስ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የደረሷቸው አራት የመዝሙር አንቀጾች አሉ፤ «ላዋን» ይባላሉ። አንዱ አንቀጽ ይነበባል፣ ከዚያ መዘምራኑ ሲዘምሩት ሙሽሮቹ መጽሐፉን አንዴ ይዞራሉ። አራተኛው ዙር ሲያልቅ ተጋቡ። ቀለበት የለም፣ «እሺ» የሚባልበት መሐላም የለም። ይህ ሥርዓት በሕንድ በ1909 በሕግ ታውቋል።

እኔን ሁሌም የሚይዘኝ ግን ከዙሩ በፊት ያለው ነው። ሙሽራው ትከሻ ላይ ረጅም ሻሽ አለ፣ «ፓላ» ይሉታል። የሙሽሪት አባት ተነሥተው ጫፉን አንሥተው በልጃቸው እጅ ያስይዟታል፤ አባት ከሌለ ወንድም ወይም አጎት። ቃል አይወጣቸውም፣ መዝሙር ብቻ ነው የሚሰማው። ያን ጫፍ ይዛ ነው የምትዞረው፤ ወንድሞቿ በመንገዷ ላይ ተራ በተራ ቆመው በትከሻዋ ደግፈው ያሳልፏታል። ዘግይታችሁ የምትደርሱ ከሆነ ይህ ያመልጣችኋል። ሥርዓቱ የሚፈጸመው ከቀትር በፊት ነው፤ ካርዱ ላይ ያለውን ሰዓት በሐበሻ ሰዓት አትተርጉሙት።

የሂንዱ ሰርግ ከሆነ እሳት ታያላችሁ። ሙሽሮቹ እሳቱን ይዞራሉ፣ ሰባት እርምጃም ይራመዳሉ። ጉጅራቲዎች የሚዞሩት አራት ጊዜ ነው፤ ሙሽራው በር ላይ ሲደርስ አማቱ አፍንጫውን ለመያዝ የምትሞክረውም እነሱ ጋ ነው።

ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የሚታደለውን ነገር መቀበል አለብኝ? ጾም ላይ ብሆንስ?

መጨረሻ ላይ ከትልቅ ጎድጓዳ ሳህን እየተዘገነ ለሁሉም የሚታደለው «ካራህ ፕርሻድ» ነው፤ የስንዴ ዱቄት፣ ስኳርና ንጥር ቅቤ በእኩል መጠን የተሠራ ገንፎ መሳይ ጣፋጭ። ጉርድዋራ ውስጥ የሚመለክ ምስልም ጣዖትም የለም፤ ሲኮች የሚያመልኩት አንድ አምላክ ነው። ልቀበል አልቀበል የሚለውን ግን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት፣ እኔ የምወስንላችሁ አይደለም። የማትቀበሉ ከሆነ ሁለት እጃችሁን ደረታችሁ ላይ ገጥማችሁ ራሳችሁን ዝቅ ማድረግ ይበቃል፣ ማንም አይቀየምም። የሚያስቀይመው ተቀብሎ መጣል ነው። ስግደቱም እንደዚሁ፤ ለእንግዳ ግዴታ አይደለም፣ ጸጥ ብላችሁ ገብታችሁ ተቀመጡ።

ጾምን በተመለከተ፦ ጉርድዋራ ውስጥ ለማንም በነፃ የሚቀርበው ምግብ፣ «ላንጋር»፣ ሥጋም እንቁላልም የለበትም። ይህ ግን የጾም ምግብ ማለት አይደለም። ምስሩ በቅቤ የተቁላላ ሊሆን ይችላል፣ አትክልቱ ውስጥ አይብ ይገባል፣ ቂጣው ትኩሱን ቅቤ ይቀባል፣ በመጨረሻም የወተት ሩዝ ይመጣል። የሚያስተናግዱትን «ቅቤ ያልተቀባ ቂጣ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ደስ ብሏቸው ያመጣሉ። ሙስሊም ለሆናችሁ ደግሞ፣ የሲኮች አዳራሽ ውስጥ የሚቀርበው ሥጋ ሐላል ነው ብላችሁ አትገምቱ፤ ሳትጠይቁ አትብሉ።

በር ላይ የሚጨቃጨቁት ለምንድን ነው? ጫማ የሚሰርቁትስ?

የሙሽራው ወገን በከበሮ እየጨፈረ ሲደርስ የሙሽሪት እህቶች በሩ ላይ ሪባን ገትረው ይጠብቃሉ። እኛ ዘንድ የሙሽሪት ወገን በሩን ይዞ ሙሽራውን አናስገባም እንደሚለው ነው፣ እዚህ ግን ጉዳዩ የገንዘብ ድርድር ነው፤ ተከፍሎ ይቆረጣል። ከዚያ በፊት ወይም በኋላ «ሚልኒ» አለ፦ ማማ ከማማ፣ ቻቻ ከቻቻ፣ አባት ከአባት ጋር እየተጠሩ አበባ ይጠላለቃሉ፤ ጉልበት ያለው ሌላውን አንሥቶ ከመሬት ያላቅቀዋል፣ ሕዝቡ ይጮኻል።

ጫማውን ሙሽራው ለሥርዓቱ ሲያወልቅ ነው የሚሰውሩት። ሲወጣ ከፍሎ ያስመልሳል። ጣልቃ ገብታችሁ ጫማው የት እንዳለ አትጠቁሙ።

ሙሽሪት ስትሸኝ ያ ሁሉ ለቅሶ ለምንድን ነው?

ሽኝቱ «ዶሊ» ይባላል፤ ድሮ በቃሬዛ መሳይ ወንበር ተሸክመዋት ይሄዱ ነበር፣ ስሙ የዚያ ነው። ዛሬ አበባ የተለጠፈበት መኪና ነው። ከቤት ስትወጣ ጀርባዋን እንደሰጠች ሩዝ በእፍኟ እየዘገነች በራሷ ላይ አሳልፋ ወደ ኋላ ትበትናለች፤ እናቷ በተዘረጋ ልብስ ትቀበለዋለች። የምሄድበት ቤት ብቻ ሳይሆን የወጣሁበትም ቤት ይጥገብ ማለት ነው። እዚያ ቤት ደግሞ የሙሽራው እናት ውኃ በሙሽሮቹ ራስ ላይ እያዞረች ትጎነጫለች፣ በደጃፉ በግራና በቀኝ ዘይት ይፈስሳል።

ልጅቷ የምትሄደው 15 ደቂቃ በመኪና ወደ ጎረቤት ሰፈር ሄይስ ሊሆን ይችላል። «ታዲያ ምን ያስለቅሳል?» ያለችኝ ጓደኛ አለች። እነዚህ እናቶች አብዛኞቹ ራሳቸው ሲዳሩ አገር ተሻግረው፣ የእናታቸውን ቀብር እንኳ ሳያዩ የቀሩ ናቸው። የሚያለቅሱት የዛሬዋን ብቻ አይደለም፤ ይህን ደግሞ እኛ ስደተኞች ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም።

አብራኝ የምትሠራው ነርስ ከኬራላ ናት፣ ክርስቲያን ነኝ ትላለች። የእነሱ ሰርግስ?

ከፑንጃቡ ጋር አታምታቱት። ኬራላ ደቡብ ሕንድ ነው፤ ክርስቲያኖቹ ክርስትናቸውን ከሐዋርያው ቶማስ ጋር ያያይዙታል። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ ከሆነች የእኛው እህት ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት፤ በ1965 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤ የእነሱም አባት ተገኝተው ነበር። ሰርጓ ላይ ልክ እንደ ተክሊል አክሊል የመድፋት ሥርዓት አለ።

የእነሱ የራሳቸው የሆነው «ሚኑ» ነው፦ መስቀል ያለበት፣ ቅጠል የምታህል ትንሽ ወርቅ። ሙሽራው አንገቷ ላይ የሚያስርላት ከሰርጓ ሳሪ ላይ በተመዘዘ ክር ነው። ሳሪውን የሚሰጠው እሱ ነው፣ በቤተ ክርስቲያን ራሷ ላይ ያለብሳታል። እዚህ ሰርግ ላይ ነጭ ነጠላችሁን ያለ ሥጋት ልበሱ።

እነሱም ጥሎሽ አላቸው?

አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። የእኛ ጥሎሽ ከወንድ ወደ ሴት ይሄዳል፤ እነሱ «ዳጅ» የሚሉት ከሴቲቱ ቤት ወደ ወንዱ ቤት የሚሄድ ነው። ሕንድ በ1961 በሕግ ከልክላዋለች፣ የሲኮች የሥነ ምግባር ደንብም ልጅን በገንዘብ መዳርን ያወግዛል፤ ያም ሆኖ በዚህ የተነሣ የሚሰቃዩና የሚሞቱ ሙሽሮች ዛሬም አሉ። ስሙ «ስጦታ» ስለተባለ ነገሩ አይለወጥም። እዚህ አገር ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ትተውታል፣ ሁሉም ግን አይደሉም።

ሙሽሪት የምታደርገው 22 ካራት ወርቅ ግን የራሷ ሀብት ነው፤ ክፉ ቀን ቢመጣ የምትይዘው። «ስንት ወጣ?» ብላችሁ አትጠይቁ።

ልጆቹ ሳይተዋወቁ ነው የሚጋቡት? ተገዳ ቢሆንስ?

ቤተሰብ ማስተዋወቅና ማስገደድ ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፑንጃቦች አገናኙን ሰው «ቪቾላ» ይሉታል፤ ዛሬ ሥራው የልጁንና የልጅቷን ፎቶና መረጃ በዋትስአፕ ማቀባበል ነው። ከዚያ ልጆቹ ይገናኛሉ፣ ይጠያየቃሉ፣ «አይሆንም» ማለትም ይችላሉ። ዘርም ይቆጠራል፦ ከአንድ ጎሣ የሆኑ አይጋቡም፣ ልክ እኛ ሰባት ቤት እንደምንቆጥር። ብዙዎቹ ደግሞ ራሳቸው ተዋውቀው ቤተሰቡ እንዳስተዋወቃቸው ተደርጎ ነው የሚነገረው።

«አይሆንም» ማለት የማትችል ከሆነ ግን ያ ጋብቻ ሳይሆን ወንጀል ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ሰውን አስገድዶ መዳር ከ2014 ጀምሮ እስከ 7 ዓመት እስራት ያስቀጣል፤ ከየካቲት 2023 ወዲህ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ መዳር፣ ልጁ ቢፈቅድም፣ ሥርዓቱ በማዘጋጃ ቤት ያልተመዘገበ ሃይማኖታዊ ብቻ ቢሆንም፣ ክልክል ነው። የምታውቋት ልጅ ፈርታ ብትነግራችሁ ወላጆቿን ለማስታረቅ አትሂዱ። ሽማግሌነት የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ያንን ነው፣ እዚህ ላይ ግን ልጅቷን አደጋ ላይ ይጥላታል። መንግሥት ለዚሁ ጉዳይ ያቋቋመው ክፍል አለ፤ ወደዚያ ወይም ወደ ፖሊስ ነው የሚደወለው።

የጉርድዋራው ወይም የመስጊዱ ጋብቻ በሕግ ይጸናል?

በራሱ አይጸናም። ብዙ ጉርድዋራዎች ለጋብቻ የተመዘገቡ ሕንፃዎች ናቸው፤ እዚያው ሥልጣን የተሰጠው ሰው ፊት ከተፈረመ ሕጋዊ ነው። ካልሆነ ሙሽሮቹ ለብቻ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ይፈራረማሉ። ለዚህም ቢያንስ 28 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ከግንቦት 2021 ወዲህ ደግሞ በሰነዱ ላይ ከአባቶች ሌላ የእናቶችም ስም ይሰፍራል፣ ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል።

በኒካህ ብቻ የተጋቡ ሴቶች ላይ የደረሰው ሊታወቅ ይገባል። በየካቲት 2020 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የሕጉን ሥርዓት ሳያሟላ በኒካህ ብቻ የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ዓይን ጋብቻ አይደለም ብሎ ወስኗል። ሲለያዩ የፍቺ የንብረት ክፍፍል የለም ማለት ነው፤ 20 ዓመት አብራ ብትኖርም። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ባልተመዘገበ አዳራሽ ቆርበው ወይም ኒካህ አስረው፣ ሳይፈራረሙ የተቀመጡ የእኛም ሰዎች አሉና።

ልጄ ፑንጃቢ ልታገባ ነው። ከየት እንጀምር?

ከሃይማኖቱ ጥያቄ ጀምሩ፣ ከአዳራሹ ሳይሆን። የሲኮች ደንብ አናንድ ካራጅን ለሲኮች ብቻ ይፈቅዳል፤ የጉርድዋራ ኮሚቴዎች ግን አሠራራቸው አንድ አይደለም፣ ጉዳዩም ስሜት የሚነካ ነው። በ2016 ሌሚንግተን ስፓ በሚገኝ ጉርድዋራ እንዲህ ያለውን ሰርግ የተቃወሙ ሰዎች ገብተው ፖሊስ በርካቶችን አስሯል። በእኛም በኩል ተክሊል ሁለቱም የተጠመቁ መሆንን ይጠይቃል። ሁለቱም ወገን ይህን አውቆ በጊዜ ቢነጋገር ይሻላል፤ እኔ የማውቃቸው ሁለት ጥንዶች ማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው፣ ከዚያ ማይያኑንም መልሱንም በየቤቱ አድርገዋል። አንዷ በአንድ እጇ ሜህንዲ፣ በሌላው እንሶስላ ነበራት።

ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት ልጁ ለወላጆቹ ያስረዳ፤ ሦስት አዛውንት ነጠላ ለብሰው ሳይነገራቸው በራቸውን ቢያንኳኩ ክፉ ነገር የደረሰ ይመስላቸዋል። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ የጣፋጭ ሣጥን ያዙ። እናትየውን በስማቸው ብቻ አትጥሩ፣ «ጂ» የሚለውን የአክብሮት ቃል ጨምሩበት። ነገሩ ሲስማማ የልጁ እናት ከሣጥኑ አንድ ጣፋጭ አንሥተው በእጃቸው ወደ አፋችሁ ያቀርባሉ። አፍራችሁ በእጃችሁ ለመቀበል አትሞክሩ፤ ጉርሻ ነው። ከሣጥኑ አንሡና እናንተም መልሳችሁ አጉርሷቸው።